ችግሩ ፍጥነቱ ነው ወይስ ምክንያቱ?

እህቴ፣ «ጌም ኦፍ ትሮንስ መጨረሻው ላይ ሮጠብኝ፤ የሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን ሲዝን 2 ደግሞ ተጎተተብኝ፤ ችግሩ ፍጥነቱ ነው?» ብለሽ ስለ ሁለቱ የዙፋን ሽኩቻ ተከታታይ ድራማዎች ለጠየቅሽው ካየሁት ልመልስልሽ። ደሴ ፒያሳ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም እየጫንኩ ሠርቻለሁ። ሰው የቱ ጋ እንደሰለቸው ወዲያው ይገባኛል፤ ቀጣዩን ሊያስጭን አይመለስማ።

ፍጥነቱ ብቻውን አይመስለኝም። ባለታሪኩ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ካወቅን ዝግታው አይከብደንም።

አንድ የኮምቦልቻ ሹፌር ደንበኛ ነበረኝ። የጌም ኦፍ ትሮንስ ሲዝን 1 ላይ ንጉሡ ወደ ሰሜን ሲመጣ ወር ሙሉ መንገድ ላይ መክረሙን ወዶት ነበር። ሲዝን 7 ላይ ግን ቁራው መልእክት አድርሶ ድራጎኖቹ ከሰሜኑ ግዙፍ ግንብ ማዶ ከች ሲሉ ተናደደ። «እኔ የሐረጎን ዳገት እስክወጣ እነሱ አገር አቋረጡ!» አለኝ። እውነቱን ነው። መንገዱ ሲያጥር ሰው የሚያመነታበትና የሚመካከርበት ጊዜም አብሮ ይጠፋል። 10 ክፍል የነበረው ሲዝን መጀመሪያ 7፣ ቀጥሎ 6 ሲሆን ያጣነው ይህንን ነው። የድራጎኖቹ እመቤት ዴኔሪስ መጨረሻ ላይ ዋና ከተማዋን ማቃጠሏ አይደለም ያስከፋኝ፤ እዚያ እስክትደርስ ልቧ ሲሻክር በቅጡ አለማየቴ ነው።

የሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን ሲዝን 1ም እኮ ዓመታት እየዘለለ ነው የሚሄደው። ግን ክፍል 8ን አስታውሺ። ንጉሥ ቪሰሪስ እያጣጣረ ነው። ሚስቱ አሊሰንት፣ ዙፋኑን ሊያወርሳት የመረጣት ሴት ልጁ ራኒራ መስላው ስለ ጥንቱ ንጉሥ ኤጎን ሕልም ያወራላታል። አሊሰንት ደግሞ ስሙ ተመሳስሎባት ለልጇ ለኤጎን ዙፋኑን የተናዘዘለት መሰላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሴቶች እውነት ከኔ ጋር ናት ብለው ነው የሚጋጩት። እኔ እስካሁን ለማን እንደምፈርድ አላውቅም።

ሲዝን 2 ላይ የራኒራ ባል ዴመን ሃረንሃል የተባለው ምሽግ ገብቶ የሚያያቸው ሕልሞች ግን ከበዱኝ። የመጀመሪያው ጸጸቱን አሳየን፤ ጥሩ ነበር። የኋለኞቹ ያንኑ ደጋገሙት።

እዚሁ ደሴ ባለው በንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር አለ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 ነው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ዘምተው ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17። አንድ ወር ብቻ! ለኔ ቢሰጠኝ ለዚያች ወር ሙሉ ሲዝን እሰጣት ነበር። አባት ለልጁ ዙፋን ሲዘምት ምክንያቱን ማንም ይረዳዋል፤ እያንዳንዱ የጉዞ ቀን ልብ ያንጠለጥላል።

እስቲ ክፍል 8ን ብቻ መልሰሽ እዪውና ለማን እንደፈረድሽ ጻፊልኝ።