ድንኳን ጭኖ ወደ ኡሉሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሐምሌው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ፣ ከሜልቦርን ተነስተው በአውስትራሊያ በረሃ መሃል ወዳለው ግዙፍ አለት፣ ወደ ኡሉሩ፣ ሊነዱ ያሰቡ ቤተሰቦች ጥያቄ በዝቶብኛል።

ሦስት ልጆች ይዘን ከሜልቦርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር እንነሳለን። ባለቤቴ በሁለት ቀን ኡሉሩ እንገባለን ይለኛል። ይቻላል?

መንገዱ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አራት ቀን ይያዙለት። ይህን የምለው ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ብቻ አይደለም። ዋናው ፍርሃቴ ምሽቱ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ካንጋሮው ወደ አስፋልቱ ዳር ይወጣል፤ ይሸሻል ሲሉት ወደ መኪናዎ ይዘላል። እኔ አንዴ «ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረን» ብዬ በጨለማ ስነዳ የፊት መብራቴንና ራዲያተሬን አጥቻለሁ። ካንጋሮው ተነስቶ ሄደ፤ እኛ እዚያው ቀረን። ከዚያ ወዲህ አሥር ሰዓት ላይ ድንኳን እተክላለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

መኪናችን ተራ ኮሮላ ናት። ላንድክሩዘር እንከራይ?

ገንዘብዎን አያባክኑ። የስቱዋርት አውራ ጎዳናም ሆነ ወደ ኡሉሩ የሚገነጠለው መንገድ አስፋልት ነው። ብቻ ግሌንዳምቦ የምትባለው መንገድ ዳር ያለች መቆሚያ ላይ ነዳጅ ሳይሞሉ እንዳያልፉ፤ ከዚያ እስከ ኩበር ፒዲ ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ የለም። ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝም ተጎታች የጭነት መኪናም ያጋጥምዎታል። ሊቀድሙት ሲያስቡ መንገዱ እስከ ሩቅ ድረስ ባዶ መሆኑን ይዩ።

እንጀራና የቡና ዕቃ መያዝ እንችላለን?

እንጀራው ይጫን፤ ቃሪያውንና ቲማቲሙን ግን ተዉት። የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይዛመት ሲባል ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ያስቀጣልም። ድንበሩን ከተሻገራችሁ በኋላ ግዙ። ለቡናው ከከሰል ይልቅ የጋዝ ምድጃ ያዙ። የእሳት ክልከላ በታወጀበት ቀን ደግሞ ምን እንደሚፈቀድ የካምፑን ሠራተኞች ጠይቁ።

11 ዓመቴ ነው። ኡሉሩ ላይ መውጣት እችላለሁ?

አይ፣ የኔ ልጅ። ድንጋዩ ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ ስለሆነ መውጣት ከጥቅምት 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተከልክሏል። ዙሪያውን መሄድ ግን ይቻላል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ብሆን ኩበር ፒዲን ነበር የምጓጓላት። ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርባት ከተማ ናት፤ ሙቀቱን ለመሸሽ ብዙ ሰው ቤቱን የሠራው ከመሬት በታች ነው። ጥልቅ ጉድጓዶቹ ክፍት ስለሆኑ «ወደ ኋላ አትራመድ» የሚል ምልክት ታያለህ። አባትህ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ኋላ ሲል ልብሱን ያዝልኝ።

መኪናው ቢበላሽብንስ?

ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ውሃ በጀሪካን ያዙ። ከመኪናው አትራቁ። እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ይልቅ የቆመ መኪና ቶሎ ይታያል።

እባብስ?

በሐምሌ ብርድ አብዛኛው ተኝቷል። ይልቅ ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።