ደኑ የማን ነው? ሣሩስ ለማን ይድረስ? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥቅምት የሣር ማጨጃ ወቅት ስለሆነ፣ በዚህ ሰሞን ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም እንዲሁም ከአዊ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተከልለው ስለተያዙ ተራሮችና ሕዝቡ ራሱ ስለሚጠብቃቸው ደኖች የሚያነሡ ናቸው። የሚቀራረቡትን አጣምሬ፣ ረጅሞቹንም አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ። ጉዳዩ ከጎረቤት ጋር ያለ አለመግባባትን ስለሚነካ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ በጮቄ ተራራ ግርጌ የምንኖር አርሶ አደሮች ነን። የተራቆተውን ኮረብታችንን ከብት እንዳይገባበት ተስማምተን ከከለልነው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አሁን ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ ጠቡም አብሮ መጣ። ብዙ ከብት ያለው «በከብቴ ልክ ይድረሰኝ» ይላል፤ ከብት የሌለው ደግሞ «እኔም እርከን ሠርቻለሁ» ይላል። እንዴት እንካፈል?

መልስ፦ አስቀድሜ የራሴን ፍርድ ልናገር፤ ሣሩ ለየቤተሰቡ እኩል ይከፈል። ኮረብታው ሲከለል ጉዳቱን የተቀበለው እያንዳንዱ ቤት ነው። ባለ ብዙ ከብቱ የግጦሽ ቦታውን አጣ፤ ከብት የሌላት እማወራም ኩበትና ጭራሮ የምትለቅምበትን ሜዳ አጣች፣ በእርከን ሥራውም ጉልበቷን ሰጠች። ክፍፍሉ በከብት ቁጥር ከሆነ ድኻው ኮረብታውን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም፤ ሌሊት የሚገባውን ከብት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኩል ከተከፈለ ግን ከብት የሌለው ድርሻውን ለባለ ከብቱ ይሸጥለታል ወይም በሬ ተውሶ በሚያርስበት ቀን ይለውጠዋል፤ ባለ ከብቱም ሣሩን አያጣም።

አከፋፈሉን በተመለከተ አምና በአንድ ቀበሌ ቆሜ ያየሁትን ልግለጽ። ሦስት ሽማግሌዎች ረጅም የቃጫ ገመድ ይዘው ቦታውን ሲሸነሽኑ፣ መስመሩን ያሠመሩት ከኮረብታው ግርጌ ወደ አናቱ ነበር። ግርጌው እርጥበት ስላለው ሣሩ ይለመልማል፤ አናቱ ድንጋያማ ነው። ከታች ወደ ላይ የተሠመረ ቁራጭ ግን ለእያንዳንዱ ከለምለሙም ከድንጋያማውም ያደርሰዋል። በየመስመሩ ችካል ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ለዕጣ የሚሆን ምልክት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዷ የቡና ፍሬ፣ በአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ውስጥ ጣሉ። የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ ያላየ እረኛ ልጅ ተጠርቶ አንድ በአንድ እያነሣ በየችካሉ ሥር አስቀመጠ። በዚያ ቀን «አድልተውብኛል» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሁለት ነገሮችን ግን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አሁኑኑ አስገቡ። አንደኛው የማጨጃው ጊዜ ነው፤ ሣሩ ገና ፍሬውን ሳያራግፍ ከታጨደ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ በጣም ከዘገየ ደግሞ ደርቆ ለከብት አይጣፍጥም። ከማጨዱ በፊትም በሣሩ መካከል የበቀሉት ችግኞች አጠገብ እንጨት ይተከል፤ ማጭድ ስንቱን የወይራና የብሳና ቡቃያ ከሣር ጋር አብሮ እንደሚበላው የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ነገር ብዙ ቀበሌዎች ሳያስቡት የሚመጣባቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሣር ዓመታት ናቸው፤ ዛፉ ጥላውን ሲዘረጋ ግን ሣሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከሣሩ ሌላ ጥቅም ያልታሰበበት ኮረብታም በዚያን ጊዜ ጠባቂ ያጣል። ስለዚህ ቅርንጫፍ የሚመለመልበትን፣ ቀፎ የሚሰቀልበትን፣ ለቤት ማገር የሚሆን እንጨት በተራ የሚሰጥበትን ሥርዓት ከወዲሁ ጻፉት። ቅጣቱም ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚያድግ ይሁን፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ላም ብትገባም እንደማንኛውም ላም ትቀጣ።

ጥያቄ፦ ከሰከላ ወረዳ። የቀበሌ አመራሮች «ደኑ የመንግሥት ነው» ይሉናል፤ አባቶቻችን ግን «የእኛ ነው» እያሉ ነው የኖሩት። በሕግ ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ የሁለቱንም አባባል ሊሸከም የሚችል ሕግ አለ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ይዞታን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ በአራት ይለያል። ስለዚህ «ደን ሁሉ የመንግሥት ነው» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም፤ «ከጥንት የእኛ ስለሆነ ማንም አይጠይቀንም» የሚለውም እንዲሁ። የናንተ ደን ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚታወቀው በወረዳው የመሬት መዝገብ ነው። በወል ይዞታነት ከተመዘገበ የይዞታ ማረጋገጫው ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልወጣ ሌላው ሥራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይህን አስጨርሱ።

በመንግሥት ደንነት ከተመዘገበም ነገሩ በዚያ አያበቃም። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ነው፤ ባለቤትነቱ የመንግሥት እንደሆነ ይቆያል፣ ጥበቃውና በልክ የሚወሰደው ጥቅም ግን በጽሑፍ ስምምነት ለአካባቢው ሰው ይተላለፋል። ይህ በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች መካከል በምዕራብ ሸዋ ያለው ጪሊሞ፣ በከፋ ያለው ቦንጋና በኦሮሚያ ያለው አዳባ ዶዶላ ይገኛሉ። ከአዳባ ዶዶላ የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ፤ እዚያ የአንድ ቡድን አባላት ከ30 አባወራ እንዳይበልጡ ተወስኖ ነበር። ይህ የሆነው ሰዎቹ በፊት ለፊት የሚተዋወቁ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚያውቁ እንዲሆኑ ነው። በእኛም አካባቢ አንድ ቀበሌ ሙሉ በአንድ ኮሚቴ ይጠበቅ ከማለት፣ ደኑን በጎጥ በጎጥ አካፍሎ ለየጎጡ ኃላፊነት መስጠት የተሻለ ይመስለኛል።

የሥራው ቅደም ተከተል አዲስ አይደለም። ከአጎራባች ቀበሌ ሽማግሌዎች ጋር ወሰኑን በእግር ዞሮ መተማመን፣ ከደን ባለሙያ ጋር ምን ዓይነት ዛፍ ምን ያህል እንዳለ መቁጠር፣ በቆጠራው ላይ ተመሥርቶ የአያያዝ ዕቅድ ማውጣት፣ ከዚያም ስምምነቱን መፈረም ነው። ከሁሉ የማይዘለለው ወሰኑን መዞር ነው፤ ያልተዞረ ወሰን በመጀመሪያው ድርቅ ዓመት ደም ያፋስሳል።

ደኑ የማን እንደሆነ አስቀድሞ በግልጽ ይታወቅ ብዬ አጥብቄ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው። በልጅነቴ ወላጆቻችን በትእዛዝ ወጥተው የተከሉት የጽድና የባሕር ዛፍ ደን በመንደራችን ራስጌ ነበር። በ1983 ዓ.ም ሥርዓት ሲለወጥ፣ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች እንደሆነው ሁሉ፣ ያ ደን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመንጥሮ አለቀ። የቆረጡት ሌሎች አልነበሩም፤ የተከሉት ራሳቸው ነበሩ። አባቴ ምሳሩን ይዞ ሲወጣ እናቴ «የተከልከውን ትቆርጣለህ?» ብትለው፣ «የእኔ መሆኑን ማን ነገረኝና?» ነበር መልሱ።

ጥያቄ፦ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ ያሉት ትልልቅ ጽዶች ግርማቸው እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ከሥራቸው ልጅ ዛፍ አይታይም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ከሩቅ ለሚያይ ደኑ ደኅና ይመስላልና። ከአንዱ ጽድ ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን ይመልከቱ። የከብት ኮቴ፣ የተረገጠ አፈር፣ ጫፉ የተቀነጠበ ቡቃያ ካዩ መልሱን አገኙት። ዛፎቹ ዘር ማፍራት አላቆሙም፤ የበቀለው ሁሉ ዓመት ሳይሞላው እየተበላ ነው። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የደን ተመራማሪዎች ከአባቶችና ከምእመናን ጋር ያሠሩት የድንጋይ ካብ የመጣው ከዚህ ነው። ካቡ ከብትን ያግዳል፤ ገበሬው በየዓመቱ ማሳውን ወደ ደኑ አንድ ጥማድ አንድ ጥማድ እየገፋ እንዳይመጣም ወሰን ይሆናል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳዎች ከተለቀመ ለገበሬውም እርሻው ይጸዳለታል፤ በአንድ የበጋ ወቅት በደቦ የሚጠናቀቅ ሥራ ነው።

ሁሉም ዛፍ ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ወይራ ጥላን ይችላል፣ ዘሩንም ወፎች ያደርሱታል፤ ስለዚህ ከብት ከታገደ በራሱ ይመጣል። ጽድ ብርሃን ፈላጊ ስለሆነ ከእናቱ ሥር ብዙ አይበቅልም፤ ችግኙን በደኑ ዳር ወይም ዛፍ ወድቆ በተከፈተ ቦታ ይትከሉ። ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ገቢ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከዐጸዱ ውጭ ራሱን የቻለ ቦታ ይሰጠው እንጂ በአገር በቀል ዛፎች መካከል ገብቶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ እንዲያደርቅ አይፈቀድለት።

በጣና ሐይቅ ዳር ያለችውን የዘጌን ምሳሌ ለምእመናኑ ይንገሩልኝ። በዚያ ልሳነ ምድር አቡነ በትረ ማርያም እርሻ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ከለከሉ ተብሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር ኖሯል፤ ሕዝቡም በጥላ ሥር በሚያድገው ቡናና በጌሾ እየተዳደረ ደኑን እስከ ዛሬ አቆይቷል። ቃሉ የጸናው ከቃሉ ጋር የሚስማማ እንጀራ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ አካባቢው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ በተመዘገበው የጣና ሐይቅ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ውስጥ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ደኑ ከተከለለ ወዲህ ለማገዶ ሩቅ እየሄድኩ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ሴት የለችም። እኛስ ምን ይሁን?

መልስ፦ እኅቴ፣ በደል ደርሶብሻል፤ ይህም መባል አለበት። ማገዶ የምትለቅመው ሴት ሳትጠየቅ የወጣ ደንብ ማታ ማታ እንደሚጣስ የታወቀ ነው፤ የምትቀጣውም በምሽት ለማገዶ የወጣችው ሴት እንጂ ደንቡን ያወጣው አይሆንም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሌሎች እማወራዎችን ይዘሽ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በሳምንት የተወሰነ ቀን የወደቀ ደረቅ እንጨት ያለ ምሳር እንዲለቀም፣ በኮሚቴውም ውስጥ ሴቶች ድምፅ ያላቸው አባላት ሆነው እንዲመረጡ። ደረቅ እንጨት መለቀሙ በበጋ የእሳት አደጋንም ስለሚቀንስ ለደኑ ጭምር ይጠቅማል። እስከዚያው ሚርት ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች በወረዳሽ ካሉ ጠይቂ፤ እንጀራ ለመጋገር ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፣ ጭሱም ለዓይንሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ከፋግታ ለኮማ። ዲከረንሱ በበሽታ እየደረቀብን ነው። መልሰን እንትከል?

መልስ፦ ዲከረንስ ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ተተክሎ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል የሚደርስ፣ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የለወጠ፣ የተፈጥሮ ደንንም ከምሳር ያሳረፈ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ መልካሙን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ መጣል አደገኛ እንደሆነ አሁን አይተነዋል። ማሳውን ሁሉ በእርሱ ከመሸፈን ከፊሉን ለቀርከሃ፣ ለግራቪሊያና ለዋንዛ ስጡ፤ የታመመውን ግንድና ቅርንጫፍ ወደ ጤነኛው ማሳ አታሻግሩ፤ ዘርም ከታመመ ደን አትሰብስቡ።

ጥያቄ፦ ደናችንን የካርቦን ገንዘብ ያስገኛል የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። እንመን?

መልስ፦ ነገሩ የሌለ አይደለም፤ ዛፎች ከአየር ስበው ለሚያስቀሩት ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ ነው። በወላይታ የሁምቦ ገበሬዎች በማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ መልሰው በማልማታቸው ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል። ግን ልኬቱ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለሆነ ገንዘቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ሣርና ማር ግን በየዓመቱ ይገኛሉ። የወል ይዞታ ማረጋገጫ ሳይኖራችሁ፣ ድርሻችሁም በአማርኛ ተጽፎ ሳይነበብላችሁ ምንም አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የቢቸና ተወላጅ ነኝ። ለትውልድ ቀበሌዬ 10,000 ችግኝ ልግዛ?

መልስ፦ ሐሳብዎ የተባረከ ነው፤ ችግኝ ግን አይግዙ። በየክረምቱ የሚተከለው ብዙ ነው፤ የሚጎድለው ከመስከረም በኋላ ያለው እንክብካቤ ነው። በአንዲት ተዳፋት ላይ ባለፈው በጋ ደርቆ ያገኘሁትን ችግኝ ስነቅለው ሥሩ ጥቁሩን ፕላስቲክ እንደ ለበሰ ነበር፤ ሳይቀዱለት ነው የተከሉት። ስለዚህ ገንዘብዎን ለሦስት ዓመት ለሚከፈል የጥበቃ ደመወዝ፣ ለካብ ሥራ፣ ለአረምና ለኩትኳቶ ያውሉት፤ አከፋፈሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ጥር ላይ ቆመው በተቆጠሩት ችግኞች ልክ ይሁን። ቆጠራውን ኮሚቴው ብቻውን አያድርገው፤ የቀበሌው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወጥተው ይቁጠሩት።