ለድሎ ላይ ቤት ተከራይቶ ማረፍ፦ ጠይቁኝ

ለድሎ በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሺር፣ ከዌልስ ድንበር አጠገብ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ስሟን መጀመሪያ ስሰማ «ለድሎት» ያሉኝ መስሎኝ ነበር። የምኖረው በባቡር ግማሽ ሰዓት በሚርቀው ሽሩስበሪ ነው። ለድሎ ውስጥ የሁለት የዕረፍት አፓርታማዎችን ቁልፍ ማስረከብና አንሶላ መቀየር ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከአገር ልጆች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ከለንደን፦ እትዬ፣ ለአምስት ሰው ሆቴል አይሻልም?

ለሁለት ሌሊት ከሆነ ይሻላል። የአፓርታማ የጽዳት ክፍያ ሁለት ሌሊትም አደራችሁ ሰባት አንድ ነው፤ ለአጭር ቆይታ ሲካፈል ይከብዳል። ከአራት ሌሊት በላይ ከሆነ ግን፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ወጥ ቤት ያለው ቤት ያዋጣል።

ከአዲስ አበባ፦ «መግቢያ 4፣ መውጫ 10» የሚል መልእክት ደረሰን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት መድረስ እንችላለን፤ ጥሩ ነው?

ይህን ጥያቄ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ ሳይጠይቁኝ የመጡ አሉና። አንድ ቤተሰብ ልክ እንደ እርስዎ አንብቦ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አምስት ሻንጣ ይዞ ደጃፍ ቆመ። እኔ ፍራሹን ገልብጬ፣ የቀደሙት እንግዶች ያደሩበትን አንሶላ በክንዴ ታቅፌ በሩን ስከፍት ተያየን። አባትየው ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳየኝ፤ አልተሳሳተም፣ 4 ነው የሚለው። እንግሊዞች 4 የሚሉት የእኛን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ 10 የሚሉት ደግሞ የእኛን ከጠዋቱ 4። ቁጥሮቹ ተገልብጠው ቦታ ስለሚለዋወጡ ስህተቱ ስህተት አይመስልም። ያን ቀን ሻንጣቸውን ደረጃው ሥር አስቀመጥሁላቸውና ገበያ ላክኋቸው። ስለዚህ የምትገቡት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ የምትወጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ነው። ቁልፉ በር አጠገብ ቁጥር በሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል።

ከዚያው፦ ቪዛችን ገና አልወጣም። ቤቱን አሁን እንክፈል?

ገንዘቡ የማይመለስበትን ርካሽ ዋጋ አትምረጡ። ያለ ቅጣት የሚሰረዝበትን ያዙ፤ የመሰረዣው ቀን እስከ መቼ እንደሆነም ጻፉት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ውሳኔው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የቤቱ ባለቤት አይጠብቅላችሁም።

ከሊድስ፦ ቡና መቁላት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን እኔ የሠራሁትን አትሥሩ። በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ላይ ጽዳቱን ስጨርስ ብረት ምጣዱን ምድጃው ላይ ጣድሁና ቡናው ጠቆር እስኪል አመስሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። የላይኛውና የታችኛው ቤት ደወል የተያያዘ ስለሆነ የታችኛው ሽማግሌ በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ወጣ። ፎጣ እያርገበገብሁ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሽታው ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ተቀመጠ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሄደ። ደወሉን በጨርቅ መሸፈን ግን በፍጹም አይገባም። በእንግሊዝ ከ2023 ወዲህ (እዚህ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የትንሽ የዕረፍት ቤት ባለቤት እንኳ የእሳት አደጋ ግምገማውን በጽሑፍ መያዝ አለበት፤ አሮጌ የእንጨት ቤት ደግሞ አይቀለድበትም። መስኮት ከፍቶ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አብርቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ መቁላት ነው። ወይም የተቆላ ይዞ መምጣት። ዕጣኑን ተዉት።

ከሊድስ እንደገና፦ ምጣድስ?

አይሆንም። የአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፔር ነው፣ ወደ 3 ኪሎዋት ገደማ። እንጀራውን ከበርሚንግሃም ወይም ከለንደን ገዝታችሁ፣ በሦስት በሦስት ጠቅልላችሁ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። ወጡን እዚያው ሥሩ። ቀይ ሽንኩርቱም፣ የበግ ሥጋውም ካስል ስኩዌር በሚባለው የገበያ አደባባይ ላይ አለ።

ከሜሪላንድ፦ የገበያው ቀን መቼ ነው?

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብና ቅዳሜ፤ ቦታው ከለድሎ ቤተ መንግሥት በር ፊት ለፊት ነው። ጿሚ ለሆናችሁ፣ ረቡዕና አርብ ሁለቱም የገበያ ቀን መሆናቸው ጥሩ ነው፤ ሥጋ ቤቱን አልፎ አትክልት ተራ መግባት የየራሳችሁ ትግል ነው። እሑድ ግን ተጠንቀቁ፦ በ1994 በወጣ ሕግ ትልልቅ ሱቆች እሑድ በጠቅላላው ከስድስት ሰዓት ለበለጠ ጊዜ ክፍት አይሆኑም። ቅዳሜ ማታ ደርሳችሁ ዘይትና ጨው ቤት ውስጥ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ።

ከበርሚንግሃም፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የድሮ ቤት ይስማማታል?

እውነቱን ልንገርዎ፣ ብዙዎቹ አይስማሟትም። ከተማዋ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገቡ 500 የሚጠጉ ሕንፃዎች አሉ። ውበታቸው ፎቶ ላይ ይታያል፤ ጠባቡ ደረጃ አይታይም። ወለሉ ዘመም ይላል፤ በአንዱ ቤት መኝታ ክፍል መሬት ላይ ያስቀመጥሁት ብርቱካን ራሱ ተንከባሎ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ። የበሩ መቃን ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጃጅሞች ጎንበስ ይበሉ። ባለቤቱ መስኮቱን በባለ ሁለት መስታወት ልቀይር ቢል የሽሮፕሺር ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋልና በጥር ይበርዳል፤ ለእናትዎ ጋቢ ይያዙ። ሲከራዩ «ምድር ቤት ነው ወይ? መታጠቢያው ከመኝታው ጋር በአንድ ወለል ነው ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። «ቆንጆ ነው፣ ማዕከላዊ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

መኪና ማቆሚያ?

መሐል ከተማ በመካከለኛው ዘመን የተቀየሱ መንገዶች ናቸው፤ ብሮድ ስትሪት ታች ያለው የከተማ በር እስካሁን መኪና የሚያሳልፈው በአንድ ቅስት ሥር ነው። የቤቱ የራሱ ማቆሚያ እንዳለ አስቀድመው ያረጋግጡ። ከሽሩስበሪ ወይም ከሄርፎርድ በባቡር መምጣት ይቀላል።

ከቴል አቪቭ፦ ልጆቼ ቤተ መንግሥት ውስጥ ማደር ይፈልጋሉ። ይቀልዱብኛል?

አይቀልዱም። በለድሎ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ካስል ሀውስ የሚባል ቤት አለ፤ የሚከራዩ አፓርታማዎች አሉት። ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ለልጆቹ የሚነግሯቸው ታሪክም አለ፦ የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ አልጋ ወራሽ አርተር እዚያው በ1502 በ15 ዓመቱ ሞተ። መበለቱ የአራጎኗ ካትሪን በኋላ ታናሽ ወንድሙን ሄንሪ ስምንተኛን አገባች፤ ያ ጋብቻ ሲፈርስ እንግሊዝ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለየች። ፍርስራሹ መሐል ቆሞ ይህን ማውራት ከመጽሐፍ ይሻላል።

ከለንደን፦ አንድ ቀን ትርፍ አለን። የት እንሂድ?

ማልቨርን። ሄርፎርድ ላይ ባቡር ይቀየራል። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው እዚያ ይመላለሱ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ተምረዋል፤ በ2011 መታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎላቸዋል። ኮረብታው ላይ ከወጣችሁ ነፋሱ ብርቱ ነው። ስትመለሱ የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጣችሁ፤ የቁልፍ ሳጥኑን ቁጥርም ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጻፉት። በባትሪ ማለቅ ምክንያት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የቀሰቀሱኝ ሦስት ቤተሰቦች ናቸው።