ከኩሺንግ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክኒኑን ላቁም ወይ ላልሽው እህቴ

ኩሺንግ አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ በሚወጣ እባጭ ምክንያት ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከልክ የሚያልፍበት፣ የእኔና የአንቺ በሽታ ነው። «የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ 7 ሳምንት ሆነኝ። እባጩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ተብያለሁ፤ እኔ ግን ከበፊቱ የባሰ ደክሞኛል፣ መገጣጠሚያዬን ያመኛል። ፊቴን ያሳበጠው ፕሬድኒሶሎን ከሆነ ላቁመው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳታቆሚው። እኔ አቁሜው ያየሁትን ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

የምርመራውን ውጣ ውረድ አልተርክልሽም። ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚዋጠውን ዴክሳሜታሶን፣ የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀሙን፣ ኤም አር አዩን አንቺም አልፈሽበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ «የማወፈሪያ ክኒን ትወስዳለች» እየተባልሁ መኖሬንም ከአንቺ በላይ የሚረዳኝ የለም።

1. መድከምሽ ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም ማለት አይደለም። ሰውነታችን ለዓመታት የኖረው ከልክ ባለፈ ኮርቲሶል ነው፤ እባጩ ሲወጣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ጤነኛው የፒቱታሪ ክፍል ደግሞ እባጩ ሥራውን ነጥቆት ስለኖረ ተኝቷል፤ እሱ ካላዘዘ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል አያመርቱም። እስኪነቃ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያው በኮርቲሶል ፈንታ ሰውነትሽን የያዘው ክኒኑ ነው። የፊትሽ እብጠት የበሽታው ቅሪት ነው፤ የእኔ ለመጉደል ወራት ወስዶበታል። ቆዳዬ ተላጥቷል፣ ያለ ምክንያት አልቅሻለሁ፣ ጉልበቴ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶኛል። ሕመሙ ከበረታብሽ መጠኑን ሐኪምሽ ያስተካክለው፤ አንቺ ግን አትንኪው።

2. ስለዚህ ክኒን ከሐኪምሽ ሌላ ማንንም አትስሚ። እኔ ሰማሁ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነበር፤ ክኒኔ አልቆ ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ባለሙያዋ ማዘዣውን አየች፣ ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ከዚያም ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ «እንዲህ ያደረገሽ እኮ ይኸው ነው፤ አሁንም ልትጨምሪበት ነው?» አለችኝ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ልነግራት አፌን ስከፍት «ቀጣይ» ብላ ወደ ሌላው ሰው ዞረች። ማዘዣዬን አጥፌ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከዘመድ ስሰማ ብዙም አይገደኝም ነበር፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ሲመጣ ግን አመንሁት። ቤት ስገባ እናቴም «እኔስ ምን አልሁሽ!» አለች። ተውሁት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውኃ እንኳ አልረጋልኝ አለ። ልብሴን ልለብስ ስነሳ ከአልጋውና ከበሩ መካከል ወደቅሁ። ወንድሜ ተሸክሞ ሆስፒታል ሲያደርሰኝ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ተራ ያዙ፤ የሚያስመልሰው ሁሉ ድንገተኛ አይደለም» አለው። ያን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር ለማለት እየታገልሁ ነው። ያዳነችኝ በአጠገባችን ስታልፍ የእጄን ቅዝቃዜ የዳሰሰች ነርስ ናት። የደም ግፊቴን ስትለካው 70 በ40 ሆነ። ወንድሜ ከቀዶ ሕክምናው የተሰጠኝን ወረቀት ይዞ መጥቶ ኖሮ አነበበችው፤ ወዲያው ሐኪም ጠርታ የኮርቲሶል ምትክ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በመርፌ ተሰጠኝ፣ ግሉኮስና የጨው ውኃ ተተከለልኝ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ለእናቴ «ይህ ክኒን ለልጅዎ እንደ ምግብ ነው፤ አንድም ቀን መዝለል የለባትም» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ክኒኑን ከቁርስ ጋር የምታቀርብልኝ እሷው ሆነች።

ስለዚህ ያንን ወረቀት ከመታወቂያሽ ጋር አድርጊው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስጽፊው፦ «የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ሰውነቴ ኮርቲሶል አያመርትም። ካስመለሰኝ ወይም ራሴን ከሳትሁ ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ይሰጠኝ።» ማኅተም ይኑረው፤ ያለ ማኅተም የሚያነብልሽ የለም። አብሮሽ ለሚኖር ሰውም አስረጂው፤ በዚያ ሰዓት አንቺ መናገር አትችዪም። ትኩሳት ሲይዝሽ ክኒኑን ስንት እንደምታደርጊው ከአሁኑ ጠይቀሽ ጻፊው፤ እኔ እጥፍ እንድወስድ ታዝዤ ነበር። ካስመለሰሽ ግን ክኒን ስለማይረጋ ቤት አትቆዪ። ጾም የምትጾሚ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የእኔ አባት ገና ሳልጨርስላቸው ነው «ልጄ፣ በልተሽ ዋጪ» ያሉኝ።

መቼ ይሻለኛል ላልሽው፦ ስታመም ከበርጩማ የምነሳው በሁለት እጄ መሬት ተደግፌ ነበር፤ ጭኔ ባዶ ነበር። በስምንተኛው ወር አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ፣ ሲኒ የሞላ ረከቦት በሁለት እጄ ይዤ ብድግ አልሁ። ልብ ያልሁት እናቴ እልል ስትል ነው። በ11ኛው ወር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ክኒኑን ሳልውጥ፣ ኮርቲሶሌ ተለካ፤ መነሳት ጀምሮ ነበር። ሐኪሜ ቀስ በቀስ ቀንሶ በ14ኛው ወር አስቆመኝ። ክኒኑን ማቆም ማለት ይህ ነው።

ክኒንሽ ስንት ቀርቶሻል? ከአንድ ሳምንት ያነሰ ከሆነ ነገውኑ ግዢ።