ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ቴኒስ ሜዳ፦ ራኬት ስለ መምረጥ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ራኬት ክር በመወጠር ነው የኖርኩት። ዛሬ ከሰዓት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ዕድሜያችሁን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትጫወቱና የሚያማችሁን ቦታ ጻፉ። «የቱ ይሻላል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ጡረተኛው ከገርጂ፦ ጋሼ ሰላም። 61 ዓመቴ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ልመለስ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ደብል (ሁለት ለሁለት) ብቻ። ክርኔን አንዳንዴ ያመኛል። የድሮ የእንጨት ራኬቴ አለ። አሜሪካ ያለው ልጄ አዲስ ይላክልኝ?

መላሽ፦ እንኳን ተመለሱ! አዎ፣ ይላክልዎ። የእንጨቱ ፊት (ክሩ የተወጠረበት ቦታ) 65 ካሬ ኢንች ገደማ ነው። ዛሬ ከ100 እስከ 105 የሚል ይፈልጉ። ኳሷ መሃሉን ብትስትም ይቅር ይላል። ክብደቱ ያለ ክር ከ270 እስከ 290 ግራም ይሁን። ሻጭ «ለትልቅ ሰው ቀላሉ ነው» ብሎ 240 ግራም ቢያቀርብ ልጅዎ እሺ አይበል። ቀላል ራኬት ኳስ ሲያርፍበት ይናወጣል፤ ንዝረቱ ወደ ክንድ ይወጣል። ከበድ ያለው ራሱ ውጦ ያስቀረዋል።

ዋናው ግን ክሩ ነው። ፖሊስተር የሚባለውን ክር አይንኩ! ደረቅ ነው። ፕሮፌሽናሎች የሚወዱት ኳሷን በደንብ ስለሚያሽከረክርላቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያስቀይራሉ። እኛ ጋ «አልተበጠሰም» ተብሎ ዓመት ይቆያል። ፖሊስተር ሳይበጠስ ነው የሚሞተው፤ መለጠጡን ያጣል። አንድ ደንበኛዬ ክርኑን እያመመው ሦስት ራኬት ቀያየረ። ሦስቱም ላይ ያው ፖሊስተር ነበር። እርስዎ መልቲፊላመንት ያስወጥሩ። ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች አንድ ላይ የተገመዱበት ለስላሳ ክር ነው። ውጥረቱ 50 ፓውንድ ይበቃዎታል፤ ወደ 23 ኪሎ መሆኑ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እንጨትን ባንንቅ ጥሩ ነው። ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ አምስት ዊምብልደን የወሰደው በእንጨት ነው።

የሳሪሱ፦ ያኔ ሁሉም በእንጨት ነበራ! እ.ኤ.አ. በ1991 ሞንቴ ካርሎ ውድድር ላይ በእንጨት ራኬት ሲመለስስ? ስፔናዊው አሬሴ በሁለት ተከታታይ ዙር አሸንፎ ሸኘው።

ከቨርጂኒያ፦ ስምንት ዓመት ገደማ ርቆ የተመለሰ ሰው እኮ ነው። ራኬቱ ምን አደረገ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ተዉት፤ ሰውየው የጠየቁት ስለ ክርናቸው ነው። ታሪክ ከተፈለገ አሜሪካዊውን መሐንዲስ ሃዋርድ ሄድን አስታውሱ። ጡረታ ወጥቶ ቴኒስ ሲጀምር ኳሷ አልገናኝ አለችው። ትልቁን የፕሪንስ ኩባንያ ራኬት እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያበቃው እሱ ነው። ሰፊ ፊት መጀመሪያም ለእኛ ቢጤ የተሠራ ነው።

እናት ከሲኤምሲ፦ 57 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን እጫወታለሁ። ኳሱ እየበረረ ከሜዳ ይወጣብኛል። ክሩን ላስጠብቀው?

መላሽ፦ እህቴ፣ አያስጠብቁት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን አይዛትም። ለባሕር ጠረፍ የተሠራች ኳስ እዚህ በጣም ትነጥራለች። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ በሕጉ የተፈቀደ ሌላ ኳስ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ እሱን ያስመጡ። ክር ማጥበቅ ኳሷን ትንሽ ይገታል፤ ዕዳውን ግን ክርንዎ ነው የሚከፍለው። ፖሊስተር ከሆነማ አያድርስ።

ወጣቱ፦ ክሩ መሃል የምትገባው ጎማ ለክርን ትረዳለች?

መላሽ፦ አትረዳም። ድምፅ ነው የምትቀንሰው።

ከቨርጂኒያ፦ ጫማስ የቱ ይሻላል?

መላሽ፦ ጫማ የሚያውቅ ጠይቅ።

እናት ከሲኤምሲ፦ የእጀታ ልክስ?

መላሽ፦ ራኬቱን ይጨብጡ። በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል የሌላው እጅዎ ሌባ ጣት ልክ ይግባ። ካልገባ ቀጭን ነው።

አዲስ ገቢ፦ ለ60 ዓመት ሰው የቱ ራኬት ይሻላል?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ። ዕድሜ ብቻውን ራኬት አይመርጥም። በሳምንት ስንት ቀን? የሚያመው ቦታ አለ? አሁን ምን ክር ላይ ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጡረተኛው ከገርጂ፦ ጋሼ፣ አዲሱ እስኪመጣ ጎረቤቴ ራኬት አውሶኛል። ክሩ ፖሊስተር መሆኑን በምን ልወቅ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ክሮቹ የሚተላለፉበትን ቦታ ይዩ። እንደ ጥጥ ከተበተነ መልቲፊላመንት ነው። ሳይበተን ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ፖሊስተር ሳይሆን አይቀርም። ከሆነ ጎረቤትዎን አስፈቅደው ክሩን ዛሬውኑ ያስቆርጡት። ሲቆረጥ ከመሃል ይጀመር፤ ከዳር ከተጀመረ ፍሬሙ ሊጣመም ይችላል።