የአሮጌ ሸራ ጀልባ ኪል፦ ጥያቄና መልስ

ካታሊና 22 የምትባለዋ ትንሽ ሸራ ጀልባ ባለቤቶች ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስ። ለአዲሶቹ፦ ኪል ማለት ከጀልባዋ ሆድ ስር ወደ ውሃ የሚወርደው ከባዱ ክፍል ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ፣ ወደ ጎንም እንዳትንሸራተት የሚይዛት እሱ ነው። የድሮዎቹ ካታሊና 22 አብዛኞቹ ወደ ላይ የሚታጠፍ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ኪል አላቸው፤ 550 ፓውንድ፣ ወደ 250 ኪሎ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ1970ዎቹ የተሰራች ገዛሁ። ኪሉ ዝጎ ቅርፊቱ ይረግፋል። ወፍራም ቀለም ብደርብበት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ቀለሙ ከነዝገቱ ተልጦ ይወርድልሃል። መጀመሪያ ጨዉ እስኪለቅ በንጹህ ውሃ እጠበውና አድርቀው። ከዚያ ብረቱ ብልጭ እስኪል በግራይንደር ፋቀው፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን በሽቦ ብሩሽ ግባበት። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፦ የተፋቀ ጊዛ እርጥብ አየር ካገኘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቡናማ ስለሚሆን፣ የመጀመሪያውን ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ቅብ) እዚያው ቀን ቀባው፣ ካልሆነ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ ፋቅ። ኤፖክሲውን ደጋግመህ ደርብ፣ ጉድጓዱን በኤፖክሲ ስቱኮ ሙላ፣ የባህር አረም መከላከያውን ቀለም መጨረሻ ላይ። ይሄ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት፤ ባዶ ጊዛ ላይ ካረፈ ጨው ውሃ ውስጥ ብረቱን ያስበላዋል።

ጥያቄ፦ መልህቅ ጥለን ስናድር ኳ ኳ ይላል። እንቅልፍ አጣን!

መልስ፦ ኪሉ የተንጠለጠለበት ፒን ወይም ቀዳዳው ተበልቶ ይሆናል። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ከፍ ስትል የኪሉን ጫፍ ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፣ በደንብ ከተወዛወዘ ግን ፒኑን አውጥተህ በጣትህ ዳብሰው። መሃሉ ላይ ወገብ ካወጣ አበቃለት። ቀዳዳው ከሰፋም ቡሽንግ (ቀዳዳውን የሚያጠብ ቀለበት) ይገባለታል። ፒኑን ከመንካትህ በፊት ኪሉን በክሪክና በግንድ አስደግፈው፤ ስሩ ማንም እንዳይገባ፣ 250 ኪሎ ነው እኮ።

ሳትጠይቀኝ ልጨምር፦ ኪሉን የሚስበውን የብረት ገመድም እይ። ጓንት አድርገህ ጨርቅ አስኪድበት። ጨርቁን ከያዘው ክሩ መበጠስ ጀምሯል ማለት ነው፣ ዛሬውኑ ቀይረው። ኪሉ ተነስቶ ሳለ ገመዱ ቢበጠስ ወርዶ ጀልባዋን ሊሰነጥቅ ይችላል። የገመዱ ዋጋ ከዚያ ጥገና ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ፣ ሌክ ዋሽንግተን ላይ ነው የማቆማት። ጨው ስለሌለው ልተወው?

መልስ፦ ይዘገያል እንጂ አይቀርልሽም እህቴ። በባላርድ በኩል ወደ ባህሩ፣ ወደ ፑጀት ሳውንድ ከወጣሽ ደግሞ ጨው ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ የማይታጠፍ ነው። ከጀልባዋ ጋር የተጋጠመበት ፊት ለፊቱ ተሰንጥቆ ቡናማ ውሃ ያለቅሳል። ኪሉን የያዙትን ቡሎኖች ዳዶ ላጥብቀው?

መልስ፦ እንዳትነካ! እንደ መሰለህ ካጠበቅከው የተበላ ቡሎን ይበጠሳል። የስቴንለስ ቡሎን አይዝግም ይባላል፣ ግን የማይዝገው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። እርጥብ መገጣጠሚያ ውስጥ ታፍኖ ሲኖር ከውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል፣ አንተ የምታየው ጭንቅላቱ ግን ያበራል። ስንጥቁን በማጣበቂያ መድፈንም መደበቅ ነው። ጀልባዋን አስወጥተህ ለባለሙያ አሳይ፤ አስፈላጊ ከሆነ ኪሉ ወርዶ ቡሎኖቹ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ኪሉ ከጊዛ ሳይሆን ከእርሳስ የተሰራ ከሆነስ?

መልስ፦ እርሳስ አይዝግም፣ የቡሎኑ ጉዳይ ግን ያው ነው። ስትፍቀው በውሃ እያራስክ፣ ማስክ አድርገህ፣ ልጆች በሌሉበት። ብናኙ መርዝ ነው።