ሰንበር፣ ስንጥቅ ወይስ ንቃቃት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አራት ኪሎ የሥነ ምድር ተማሪ ነኝ። መንኮራኩር ካነሳቸው ምስሎች ተነስቼ የጁፒተርን ጨረቃ የዩሮፓን ገጽ ካርታ እየሠራሁ ነው፤ መግለጫውን የምጽፈው በአማርኛ ነው። በረዶውን ያካለሉትን መስመሮች «ንቃቃት» ብዬ ነበር፣ ጓደኛዬ «ስንጥቅ በል» አለኝ። የቱ ይሻላል? ጨረቃ ላይስ «ሥነ ምድር» ይባላል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ነውና። ይባላል። «ምድር» የምንኖርባት ፕላኔት ብቻ ሳትሆን የምንረግጠውም ነው፤ «ምድር ቤት ነው የምኖረው» ያለህን ሰው ፕላኔቱን አትጠይቀውም። «ጂኦሎጂ» ውስጥ ያለው «ጂኦ» እንኳ በግሪክኛ ያው ምድር ነው።

መስመሮቹ ግን ያነጋግራሉ። «ንቃቃት» ድርቀትን አስከትሎ ይመጣል፤ የነቃ ተረከዝ፣ በጋ የመታው መረሬ ነው የሚታየኝ። የዩሮፓ ገጽ የውሃ በረዶ ነው። ጨረቃዋ ጁፒተርን በ3 ቀን ተኩል ገደማ ስትዞር ስበቱ ጠንከር ላላ እያለ ቅርፊቷን ይወጥረዋል እንጂ ያደረቃት ፀሐይ የለም። «ስንጥቅ» ከዚህ ይሻላል፤ ግን አፉን የከፈተ ነገር ያስጠብቃል። ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተርን የዞረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ከቅርብ ያነሳቻቸውን ምስሎች ተመልከት፤ ከመስመሮቹ ብዙዎቹ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥንድ ጉብታዎች ናቸው፣ መሐላቸው ቦይ አለ። ለእንዲህ ያለው «ሰንበር» አለን፤ አለንጋ ያረፈበት ጀርባ ላይ የሚያብጠው። ምሳሌው ይመርራል፣ ቅርጹን ግን ይዞታል። «ሸንተረር» ብትልም አልጣላህም፤ እኔን ግን ተራራ ያሳየኛል፣ የነዚህ ከፍታ ደግሞ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ነው።

ምስሉ ከሩቅ የተነሳ ሆኖ ጉብ ይበል ይጎድጉድ ካልለየህ «መስመር» ብለህ እለፍ። ሳይንሱ ራሱ የሚጠቀምበት የላቲን ስም ትርጉሙ መስመር ነው። የካርታ ስም ለሚታየው ይወጣል፤ እንዴት ተፈጠረ የሚለው ራሱን የቻለ አንቀጽ ይኑረው።

አልጠየቅኸኝም እንጂ የበረዶ ሰሌዳዎቹ ተሰባብረው፣ ዞረው፣ እንደገና የረጉበትን ሥፍራ «ትርምስ» እንዳትለው። ትርምስ ማታ ፒያሳ ታክሲ ሲጠበቅ ያለው ነው፣ ይንቀሳቀሳል። የረጋው «ምስቅልቅል» ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፦ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትወጣ ስንጥቅ የዜብራውን ቀለም ቆርጦት ካየህ ቀለሙ ቀድሞ ነበር፤ ቀለሙ ስንጥቁን ሸፍኖት ካየህ ደግሞ ስንጥቁ። ሰንበሮቹንም የምታስቀድመውና የምታስከትለው በዚሁ ነው። ታዲያ «ቀዳሚ» እና «ተከታይ» በላቸው፣ «ሽማግሌ» እና «ወጣት» አይደለም። የተፅዕኖ ጉድጓድ (ከጠፈር የመጣ አለት ወድቆ የሚቆፍረው) ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል፤ እሷ ላይ ጥቂት ስለሆነ ገጿ ከ40 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት ቢገመት ነው፤ እሱንም «ወጣት ገጽ» ብለህ ከምትተረጉም «አዲስ» በለው።